የማይታየውን ቁስል ማን ያስታምመው?

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞና በአይከል በኩል ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ ሸህዲን አልፎ መተማ ዮሐንስ ይደርሳል። ከተማይቱ ስሟን ያገኘችው በ1881 ዓ.ም. በዚያ ጦር ሜዳ ቆስለው ከሞቱት ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ነው። ከድልድዩ ማዶ የሱዳኗ ጋላባት ትታያለች፤ ከጋላባትም 150 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዙ ሰሊጥና ማሽላ በገፍ ወደሚመረትባት ወደ ገዳሪፍ ይገባል። ለአረምና ለአጨዳ በየዓመቱ ብዙ የቀን ሠራተኞች ከኢትዮጵያ ወደዚያ ሲሻገሩ ኖረዋል። በዚህ አካባቢ የሚሻገረው ግን እንጀራ ፈላጊ ብቻ አይደለም።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ጦርነት ካፈናቀላቸው ኢትዮጵያውያን መካከል ብዙዎች በምሥራቅ ሱዳን ተጠልለው ነበር። ኡም ራኩባ በተባለው የገዳሪፍ ጣቢያ በረኃብና በበሽታ ያለቁት ቤተ እስራኤላውያን ቁጥር ቀላል አልነበረም። ይኸው ጣቢያ ለብዙ ዓመታት ተዘግቶ ከቆየ በኋላ፣ በኅዳር ወር 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ያሳደዳቸውን ለመቀበል እንደገና ተከፈተ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ60 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች በሐምዳይትና በሌሎች በሮች ገብተው በኡም ራኩባና በቱናይድባ ሰፈሩ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነት በካርቱም ፈነዳ፤ የጋላባት መንገደኛም ፊቱን ወደ መተማ አዞረ። ሱዳናውያን ስደተኞች ኩመርና አውላላ በተባሉ የምዕራብ ጎንደር ጣቢያዎች ተጠለሉ። ከካርቱም፣ ከጀዚራና ከሰናር የሸሹ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሌሎች ሱዳናውያን ግን ከአገራቸው ሳይወጡ በገዳሪፍ ክፍለ ግዛት ተጠጉ። ተጠጊና አስጠጊ በሁለት ዓመት ተኩል ጊዜ ውስጥ ቦታ ሲለዋወጡ ማየት በታሪክ ብዙ ጊዜ አያጋጥምም።

እነዚህ ሰዎች ድንበሩን ሲሻገሩ የሚቆጠረው ሰውነታቸው ነው። የቤተሰቡ ብዛት ይመዘገባል፣ የሕፃኑ ክንድ ይለካል፣ የቆሰለው ይታሰራል። በመንገድ ላይ ልጅዋን ያጣችው እናት ሌሊቱን ሙሉ ዓይኗ ሳይከደን ማደሩን ግን የሚመዘግብ የለም። እርሷም አትናገርም። በእኛ አገር ኀዘንን «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ዝም ማለት የጨዋነት ምልክት ሆኖ ኖሯል፤ ጨዋነትነቱም አይካድም። ነገር ግን ሆድ የማይፈጀውም አለ።

አንዳንድ ሰዎች በዚህ ላይ የሚያነሡት መከራከሪያ አለ። እህል ላጣ ሰው ስለ አእምሮ ጤና ማውራት ቅንጦት ነው፤ አስቀድሞ ዱቄት፣ ውኃና መጠለያ ይቅረብ ይላሉ። አባባሉ ሲሰሙት ትክክል ይመስላል። ይሁን እንጂ ብርቱ የመንፈስ ጭንቀት የያዛት እናት ዱቄቱ በሚታደልበት ሰልፍ ላይ አትገኝም፤ ልጇን ማጥባትም ይከብዳታል። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ መድኃኒቱ በስደት ሲቋረጥበት ከእናቱ ምድጃ ላይ ወድቆ ይቃጠላል። ዱቄቱ ቢቀርብ እንኳ የሚጠቅመው ተነሥቶ ለሚቀበለው ሰው ነው።

የችግሩን መጠን በሚመለከት የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ግምት አለ። በጦርነት ውስጥ ካለፈ ሕዝብ 22 በመቶ ያህሉ ድብርት፣ ጭንቀት ወይም ሌላ የአእምሮ ሕመም ይኖርበታል፤ 13 በመቶው ቀላል፣ 4 በመቶው መካከለኛ፣ 5 በመቶው ከባድ ነው። አንድ ሺህ ሰው ባለበት የስደተኞች ሰፈር 50 ያህሉ መድኃኒትና የቅርብ ክትትል፣ 170 ያህሉ ደግሞ ከሁሉ በፊት በሥርዓት የሚያዳምጣቸውና የሚመክራቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል ማለት ነው። ይህንን ሁሉ ለሥነ አእምሮ ሐኪም መተው የሚቻል አይደለም። ከጦርነቱ በፊት እንኳ በሱዳን የነበሩት ጥቂት ሐኪሞች በአብዛኛው የሚገኙት በካርቱም ነበር፤ ጦርነቱም የካርቱምን ሆስፒታሎች አብዛኞቹን ከሥራ ውጭ አደረጋቸው። ሐኪም ይላክ ቢባልስ ክረምት ሲገባ የገዳሪፍ ጥቁር ጭቃ መኪና አያሳልፍም። በሰኔና በጳጉሜን መካከል በጣቢያው የሚገኘው ባለሙያ አስቀድሞ እዚያው የሚኖረው ነው።

ስለዚህ የገዳሪፍ ክፍለ ግዛት መንግሥት፣ በተለይም የጤና ሚኒስቴሩ፣ ሊያተኩርበት የሚገባው በእጁ ባለው ሰው ላይ ነው። በየጤና ጣቢያው ያለው ነርስና ጤና ረዳት፣ በስደተኛው መካከል ያለው አስተማሪ፣ አዋላጅና ነርስ ሠልጥኖ ሊመደብ ይገባል።

ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በኢትዮጵያ ለብዙ አሠርት ዓመታት የአእምሮ ሕሙማን ብቸኛ ሆስፒታል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 ግን በዚያው ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ነርሶች ሥልጠና ተጀመረ፤ ምሩቃኑም በየክፍለ ሀገሩ ተመድበው ሕክምናውን ከዋና ከተማ አወጡት። ከዚያም ወዲህ አንድ ርምጃ ወደ ፊት ተሂዷል። በደቡብ ኢትዮጵያ ገጠር የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሠለጠኑ ተራ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች የሰጡት ሕክምና የሥነ አእምሮ ነርስ ከሚሰጠው ያነሰ አልሆነም። በዚምባብዌ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በሐራሬ ያሉ አያቶች ሠልጥነው ከጤና ጣቢያው ግቢ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቀውን ያነጋግራሉ፤ ጥቅሙም እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት ተረጋግጧል። ሱዳንም ብትሆን የራሷ ቅርስ አላት። ዶክተር ቲጃኒ አልማሒ እ.ኤ.አ. በ1950 በሰሜን ካርቱም የነርቭ ሕመምተኞች ክሊኒክ ሲከፍቱ፣ ሕዝቡ የሚያምንባቸውን የሃይማኖት ሰዎች ከመናቅ ይልቅ አብረዋቸው መሥራትን መርጠው ነበር። ጸበል ወይም ሼኽ ዘንድ የሚሄደውን ሕመምተኛ ከመድኃኒቱ ሳይለዩ ማስታመም ከዚያ የሚገኝ ትምህርት ነው።

የስደተኛው ባለሙያ ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ ትኩረት ይሻል። ኀዘን በአፍ መፍቻ ቋንቋ ካልሆነ በሌላ በቀላሉ አይነገርም። በትግርኛ ወይም በአማርኛ የሚያለቅስን ሰው ዐረብኛ ብቻ የሚያውቅ ነርስ በአስተርጓሚ ሲጠይቀው፣ አስተርጓሚው የጎረቤት ልጅ ከሆነ ምሥጢሩ አይወጣም። በ2013 ዓ.ም. ከተሰደዱት መካከል ሐኪሞችና ነርሶች ነበሩ፤ በሐምዳይት ወገናቸውን ሲያክሙ ታይተዋል። ነገር ግን በሱዳን ሕግ ስደተኛ ያለ ፈቃድ ተቀጥሮ ሊሠራ አይችልም፤ ከጣቢያው ለመውጣትም ፈቃድ ያሻዋል። ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. ባወጣችው በአዋጅ ቁጥር 1110 ለስደተኛ የመሥራት መብት ሰጥታለች። ገዳሪፍ የአገሪቱን ሕግ ብቻዋን ልትለውጥ አትችልም፤ ለጤና ሠራተኞች ፈቃድ በፍጥነት እንዲሰጥ ማድረግ ግን ከአስተዳደሯ አቅም በላይ ሊሆን አይገባም።

በዚህ ዓይነት ሥራ ብዙ ጊዜ የሚፈጸም ስሕተት አለ። ሥልጠና ይሰጣል፣ የምስክር ወረቀት ይታደላል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ ሠልጣኙ ተመልሶ ወደ ቀድሞ ሥራው ይገባል። የጥቂት ቀናት ሥልጠና ብቻውን ሠራተኛ አይፈጥርም። ሠራተኛ የሚፈጥረው የሥራ መደብ፣ ደመወዝ፣ በየወሩ ሥራውን የሚያይለትና የሚያርመው የበላይ ባለሙያ፣ እንዲሁም የማይቋረጥ መድኃኒት ነው። መድኃኒቱም ውድ አይደለም፤ ፌኖባርቢታል፣ አሚትሪፕቲሊንና ሃሎፔሪዶል በዓለም የጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የሚገኙ የቆዩ መድኃኒቶች ናቸው። የሚጎድለው አስቀድሞ ገዝቶ፣ ዝናብ ሳይጥል በየጣቢያው ማከማቸት ነው።

ስለ ደመወዝ ሲነሣ «ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው፤ በጎ ፈቃደኛ ይበቃል» የሚል መልስ ይሰማል። ምሳሌውን በዚህ መንገድ መተርጐም ግን አግባብ አይደለም። የሌላውን መከራ ከጧት እስከ ማታ የሚያዳምጥ ሰው ራሱም ስደተኛ ነው፤ ራሱም ሟች አለው፤ ለልጆቹም እህል ያስፈልገዋል። ሰሊጥ የሚያጭድ የቀን ሠራተኛ በሠራበት ልክ ዋጋውን ሲቀበል፣ ከድንኳን ድንኳን እየዞረ የሰውን ልብ የሚያሳርፈው በምስጋና ብቻ ይኑር ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። የአጨዳው ወቅት ሲደርስ ምስጋናውን ትቶ ማጭዱን ይዞ ቢሄድ ማን ይወቅሰዋል? በዚያን ጊዜ በድንኳኑ ውስጥ የምትጠብቀው እናት የጀመረችውን ነገር ሳትጨርስ ትቀራለች፤ ለሚቀጥለው እንግዳም እንደገና ከመጀመሪያው መንገር ይኖርባታል።