በረንዳ አዳሪው በበጀት መዝገብ ይግባ

ርዕሰ አንቀጽ



ባለፈው ክረምት፣ በነሐሴ ወር፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርደው ያደረበትን ቀን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። በዚያ ሌሊት ከወፍጮ ቤቱ በረንዳ ሥር አሥራ አንድ ሰው ማደሩን የሰፈሩ ዘበኞች ቆጥረው ነግረውናል። ከእነዚህ አንዷ የአራት ወር ሕፃን የታቀፈች እናት ነበረች። ሲነጋ ሊቀመንበራችንና እኔ ተያይዘን ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ሄድን። ያነጋገሩን ኃላፊ ቀና ሰው ናቸው፤ ወንበር ሰጡን፤ ነገሩን ሲሰሙም ከልባቸው አዘኑ። ግን ያሉን ይህንን ነው፦ «ለዚህ የሚሆን አርእስት በበጀቴ ውስጥ የለም። ገንዘብ የሚመጣው ዘመቻ ሲኖር ነው። እስከዚያ ታገሡ።»

ሕፃን ልጅ በዝናብ ዘመቻ እስኪመጣ ይታገሣል ወይ? አይታገሥም። አንዲት የዕድራችን አባል ማድ ቤታቸውን ለቀቅ አድርገው እናቲቱን እስከ መስከረም አስጠጓት። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ነገር ግን አንድ ከተማ የሚያህል ነገር በአንዲት ደግ ሴት ማድ ቤት ሊተዳደር አይችልም። የዛሬው ርዕሰ አንቀጻችን ስለዚሁ ነው።

በመጀመሪያ የራሳችንን ጥፋት ሳንናገር ሌላውን ብንወቅስ አያምርብንም። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በዓል ሲቃረብ፣ «ሰፈራችን ይጽዳልን፤ በረንዳ አዳሪዎች ይነሱልን» ብለን ማመልከቻ አስገብተን ነበር። ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ማኅተሙም የዚሁ ማኅበር ነው። መኪና መጥቶ ጭኖ ወሰዳቸው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አብዛኞቹ ተመለሱ። ከወፍጮ ቤቱ በር ላይ ተቀምጠው ጆንያ ይሰፉ የነበሩት ሽማግሌ ግን አልተመለሱም። የት እንደ ደረሱ ብንጠይቅም የነገረን የለም። ያን ያህል ዓመት ጆንያችንን ሲሰፉልን ስማቸውን እንኳ ጠይቀን አለማወቃችን ያን ጊዜ ነው የገባን። ስም የሌለውን ሰው እንዴት ብሎ መዝገብ ይፈልገዋል?

እንግዲህ ወደ ነገሩ እንግባ። መንግሥት ለቤት ችግር ምንም አላደረገም ማለት ሐሰት ነው። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ፤ ኪራይም ተቀነሰ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች በከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም በቀበሌ እጅ ገቡ። ዛሬ በሰፈራችን «የቀበሌ ቤት» የምንላቸው ከዚያ የመጡ ናቸው። ብዙ ድኻ በእነዚህ ቤቶች ልጅ አሳድጓል። ይሁን እንጂ ኪራዩ ለብዙ ዘመን በጥቂት ብር ስለቆየ ለማደሻ የሚተርፍ ገንዘብ አልተገኘበትም። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣራው የዛገ ቆርቆሮ ነው፤ አርጅቶ የፈረሰውም ብዙ ነው።

ከዚያም በ1997 ዓ.ም. ግድም የኮንዶሚኒየም ሥራ ተጀመረ። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ 10/90፣ 20/80 እና 40/60 የሚባሉት መርሐ ግብሮች መጡ፤ ሕዝቡም ተሰልፎ ተመዘገበ። የገንዘቡ አካሄድ እንዲህ ነበር፦ ከተማው ቦንድ ያወጣል፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ይገዛዋል፤ በዚያ ገንዘብ ቤቱ ይሠራል፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ቅድሚያውን ከፍሎ የቀረውን ለባንኩ በየወሩ ይከፍላል። ለዝቅተኛው ነዋሪ የታሰበው 10/90 ነበር። የወር ገቢው ከ1,200 ብር የማይበልጥ ሰው በየወሩ 187 ብር እየቆጠበ እንዲጠብቅ ተባለ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። 187 ብር መቆጠብ የሚችል ሰው ቢያንስ የወር ገቢ፣ የባንክ ደብተርና የነዋሪነት መታወቂያ ያለው ሰው ነው። በረንዳ የሚያድረው ግን የቤት ቁጥር የለውም፤ የቤት ቁጥር ስለሌለው መታወቂያ ያጣል፤ መታወቂያ ስለሌለው ለቤት መመዝገብ አይችልም። ቤት የለህም ተብሎ ቤት ከሚታደልበት ሰልፍ ወጣ ማለት እኮ ነው። መሰላሉ ተሠርቷል፤ የመጀመሪያው እርከን ግን ከአንገት በላይ ነው።

ለዚህ ለታችኛው ሰው የታሰበ ነገር የመጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በአዲስ አበባና በሌሎች አሥር ከተሞች ሲጀመር የዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን ዶላር፣ መንግሥታችን 150 ሚሊዮን ዶላር መድበውለት ነበር። ሥራ መሥራት የሚችለው መንገድ እየጠረገ፣ ቦይ እየቆፈረ፣ ችግኝ እየተከለ ደመወዝ አገኘ፤ ከሚያገኘውም 20 በመቶ እየቆጠበ። መሥራት ለማይችሉት አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ቀጥታ ድጋፍ ተሰጣቸው። ከዚሁ ፕሮጀክት አንዱ ክፍል ጎዳና ተዳዳሪዎችን አንስቶ፣ አክሞ፣ ሙያ አስተምሮ፣ ከቤተሰብ ወይም ከሥራ ጋር ለማገናኘት የታሰበ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ሁለተኛው ዙር 400 ሚሊዮን ዶላር ተይዞለት ወደ 83 ከተሞች ሰፋ። ከእኛም ሰፈር በሴፍቲኔት ሠርተው፣ በቁጠባቸው ጉሊት የከፈቱ እናቶች እንዳሉ እናውቃለን። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ እናመሰግናለን።

ነገር ግን ፕሮጀክት ፕሮጀክት ነው። መጀመሪያ አለው፤ መጨረሻም አለው። ክረምት ግን በየዓመቱ ይመጣል። የአስተማሪ ደመወዝ፣ የጤና ጣቢያ መድኃኒት፣ የመንገድ መብራት በየዓመቱ በጀት ይያዝላቸዋል። «ዘንድሮ ለአስተማሪ ዘመቻ አልታወጀም» የሚል ሰው አይተን አናውቅም። በረንዳ ለሚያድረው ወገን ግን ገንዘቡ በብድር፣ በበጎ አድራጊ መዋጮና በዘመቻ ብቻ እንዲመጣ ተደርጎ ተለምዷል። መቄዶንያን የመሰሉ ድርጅቶች ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና እያነሱ የሚያደርጉትን ሁላችንም እናውቃለን። ቢሆንም መዋጮ የዜጋ ደግነት እንጂ የመንግሥት ግዴታ መተኪያ ሊሆን አይገባውም።

ግዴታ ስንል ከኪሳችን አውጥተን አይደለም። የኢፌዲሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞችና ለአእምሮ ሕሙማን፣ ለአረጋውያንና ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ ለቀሩ ሕፃናት መርጃና ማቋቋሚያ የሚሆን ሀብት መመደብ እንዳለበት ያስቀምጣል። አንቀጽ 90 ደግሞ የአገር አቅም በፈቀደ መጠን ፖሊሲዎች ሁሉ መኖሪያ ቤትን፣ ምግብንና ማኅበራዊ ዋስትናን ለዜጎች ለማዳረስ ማለም እንዳለባቸው ይናገራል። «አቅም በፈቀደ» የሚለውን ቃል ዘልለን አላነበብነውም። አቅም ውስን መሆኑን እናውቃለን። ዳሩ ግን በ2017 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ምክር ቤት ያጸደቀው በጀት ከ230 ቢሊዮን ብር በላይ ነው። ከዚህ ውስጥ ለአንድ ወረዳ የማታ መጠለያ የምትሆን ቁራሽ ትጠፋለች ብለን አናምንም።

ሒሳቡን አብረን እናስላው። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ የጭቃ ክፍል በወር 4,000 ብር ቢከራይ፣ አሥር ክፍል በወር 40,000 ብር፣ በዓመት 480,000 ብር ይሆናል። በአንድ ክፍል ሁለት ሰው ወይም አንዲት እናት ከነልጇ ብታድር፣ የእኛ ሰፈር በረንዳ በሙሉ ባዶ ሆነ ማለት ነው። መኪና ልኮ ሰው ማስነሳትም እኮ ነጻ አይደለም፤ ነዳጅ አለው፣ አበል አለው፣ ተመልሰው ሲመጡ ደግሞ እንደገና ነዳጅና አበል አለው።

ክፍልም ቢሆን ሁልጊዜ መከራየት አያስፈልግም። በ2013 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር ባስጠናው ጥናት በሕገ ወጥ መንገድ የተያዙ የቀበሌ ቤቶች በሺህ የሚቆጠሩ መሆናቸውን ለሕዝብ ገልጾ ነበር። በሰፈራችንም ሰው የማይኖርባቸው፣ ቁልፍ ተቆልፎባቸው አይጥ የሚያድርባቸው ሦስት የቀበሌ ቤቶች አሉ። እነዚህ ቤቶች ቆርቆሮና ምርጊት ነው የሚፈልጉት። በክረምት ወራት በበጎ ፈቃድ የአቅመ ደካሞች ቤት ሲታደስ የሰፈራችን ወጣቶች ጭቃ ረግጠዋል፤ ሥራውን ያውቁታል።

አንዳንድ አባሎቻችን በስብሰባ ላይ ያነሱትን ቅሬታ ማለፍ አይገባም። «እኛ ጋ መጠለያ ከተከፈተ ከሌላው ሰፈር ሁሉ ይጎርፉብናል» ያሉ አሉ። ይህ ፍራቻ ከመሬት የተነሳ አይደለም። መልሱ ግን አንድ ወረዳ ብቻውን ሳይሆን በአሥራ አንዱም ክፍለ ከተሞች ያሉት ወረዳዎች በየበጀታቸው እንዲይዙት መጠየቅ ነው። በየሰፈሩ ካለ ማንም ሰው ከለመደው ሰፈር ተነስቶ አይሰደድም። ሌሎች ደግሞ «ብርድ ልብስ ሰጥተን ሸጠውታል» ብለዋል። እውነት ነው፤ ሸጠዋል። በረንዳ ላይ ብርድ ልብስ በዝናብ ይበሰብሳል፤ ወይም ይሰረቃል፤ በሬ የሌለው ሰው ቀንበር ቢሰጡት ምን ያደርግበታል? ማስቀመጫ በር ያለው ሰው ግን ብርድ ልብሱን አይሸጥም። ስለ ሌብነት የተነሳውም ቢሆን፣ በስም የተመዘገበ ሰውና ስሙ የማይታወቅ ሰው የቱ ለሰፈር ጸጥታ እንደሚሻል ለእናንተ መንገር አያሻም።

ሌላም አለ። በረንዳ አዳሪ ከሰማይ አይወርድም። ትናንት ተከራይ ነበረ። ቤት ለልማት ሲነሳ ውል ያለው ምትክ ይሰጠዋል፤ ደባሉና የግል ተከራዩ ግን ፌስታሉን ይዞ ይወጣል። ከእኛም መካከል አከራዮች አለን። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብና ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። ስንቶቻችን አስመዘገብን? «ነገ ልቀቅ» ብለን ያስወጣነው ሰው ከነገ ወዲያ በራፋችን ላይ ሲያድር መንግሥትን ብቻ መክሰስ ደግ አይደለም።

በመሆኑም የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ኮሚቴ ለወረዳው አስተዳደርና ለምክር ቤቱ የሚቀርቡ አራት ጥያቄዎችን አዘጋጅቷል።

አንደኛ፣ በወረዳው ዓመታዊ በጀት ውስጥ ለቤት አልባ ነዋሪዎች ራሱን የቻለ አርእስት እንዲከፈት፤ በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም የማታ መጠለያ እንዲኖር።

ሁለተኛ፣ የተቆለፉት የቀበሌ ቤቶች ተቆጥረው፣ ታድሰው፣ በመጀመሪያ ለአረጋውያን፣ ለአካል ጉዳተኞችና ሕፃን ለታቀፉ እናቶች እንዲሰጡ። የእድሳቱን ጉልበት ሰፈሩ ይችላል።

ሦስተኛ፣ በሰፈራችን ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የቆየ በረንዳ አዳሪ ማኅበሩና ዕድሩ እየመሰከሩለት መታወቂያ የሚያገኝበት መንገድ እንዲፈለግ።

አራተኛ፣ ለዚህ ሥራ የተመደበው ገንዘብና የወጣው ወጪ በየሦስት ወሩ በዚሁ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ። ድኻ ስም የተጠራበት ገንዘብ ድኻው ዘንድ መድረሱን ዓይናችን ማየት አለበት።

ጊዜው አሁን ነው። የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው፤ መሥሪያ ቤቶች ግን ዕቅዳቸውን ከወራት በፊት ጽፈው ይጨርሳሉ። ጥያቄያችን ሰኔ ላይ ከደረሰ ውሃው ፈሷል፤ «ለሚቀጥለው ዓመት» ተብሎ ይመለሳል፤ አንድ ክረምትም ያልፋል።

ወገኖቼ፣ ዕድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፤ ንፍሮ ይቀቅላል፤ ሦስት ቀን ይቀመጣል። ይህ ትልቅ ባህላችን ነው። ባለፈው ዓመት ስሙ ላልታወቀ አንድ በረንዳ አዳሪ ከዕድራችን መግነዝ ገዝተን ቀብረናል። ያን ቀን ድንኳኑን ስንጠቀልል አንድ አባል «ይህ ድንኳን በክረምት ቢተከልለት ኖሮ አይሻልም ነበር?» ብለው ጠየቁ። የመለሰላቸው ሰው አልነበረም። እኔም ዝም አልኩ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንዲሉ፣ የአንድ ሰው ማመልከቻ በመሳቢያ ይቀራል፤ የሁላችን ፊርማ ያለበት ግን መልስ ያገኛል። ስለዚህ በመጪው እሁድ ከቀኑ በ8 ሰዓት በዕድሩ አዳራሽ ጠቅላላ ስብሰባ አለ። ጥያቄዎቹ ተነብበው፣ የሚጨመር ተጨምሮ፣ የሚቀነስ ተቀንሶ ድምፅ ይሰጥባቸዋል። የምትቃወሙም ኑ፤ ሐሳባችሁ በቃለ ጉባኤ ይያዛል። መምጣት የማትችሉ አረጋውያን የፊርማ ወረቀቱ ቤታችሁ ድረስ ይመጣል። ከበረንዳው ሁለት ሰዎች እንዲገኙና ስለ ራሳቸው እንዲናገሩ ጠርተናል። ሁለቱም ስማቸውን ነግረውናል፤ በመዝገባችንም ጽፈነዋል።

ከሁለት ዓመት በፊት «ይነሱልን» ብሎ የጻፈው እጅ ዛሬ «ይመዘገቡልን» ብሎ ጽፏል። የእናንተ ፊርማ ይጨመርበት።

የማኅበሩ ጸሐፊ