«ሎግ አይፈተንም፣ ይነበባል»

ይህችን ጥቅስ ባለፈው ሳምንት አንድ ፑል ሪኩዌስት ሥር ያሰፈሩልን ሲኒየራችን ናቸው። ሦስት ሰው ወዲያው አውራ ጣቱን አነሳላቸው። ሚኒባስ ላይ ብትለጠፍ ታምርበታለች። ኮድ ሪቪው ላይ ግን ውሸት ናት።

የጠየቅሁት ብዙ አልነበረም። የራሳችን ሎግ ማናጀር አለን። የጃቫውን ወርሶ የሚመዘገበው ሎገር ሁሉ ላይ ማጣሪያ ያስራል፤ የደንበኛ ስልክና ምሥጢር ቁጥር ፋይል ላይ ከመውረዱ በፊት በኮከብ ይሸፈናል። ፕሮግራሙ ሲነሳ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው እሱ መሆኑን የሚያረጋግጥ አንድ ቴስት ይጨመር አልኩ። ለዚህ ነው ጥቅስ የተጻፈልኝ።

«ቴስት እኮ አለን» ተባልኩ ደግሞ። እውነት ነው፣ አለ፤ ከፍቼ አየሁት። የመጀመሪያው መስመር ሎግ ማናጀራችንን በ«ኒው» ይፈጥረዋል። ሁለተኛው በሞኪቶ የውሸት ሎገር ይሰጠዋል። ሦስተኛው ለዚያ የውሸት ሎገር ማጣሪያ ታሰረለት ወይ ብሎ ይጠይቃል። ታስሮለታል፤ አረንጓዴ በራ። ዘበኛ ልንቀጥር ቢሮ ጠርተን ዱላ አያያዙን አየን፣ ጎበዝ አልነው፤ ማታ በሩ ላይ ማን እንደቆመ ግን ወጥቶ ያየ የለም።

ታዲያ ማን ነው የቆመው? ጃቫ ሎግ ማናጀሩን ከእኛ እጅ አይቀበልም። እ.ኤ.አ. በ2002 ከወጣው 1.4 ዕትም ጀምሮ ደንቡ ይኸው ነው፦ የሎግ ማናጀር ክላስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነካ «ጃቫ ነጥብ ዩቲል ነጥብ ሎጊንግ ነጥብ ማናጀር» የሚባለውን የሲስተም ፕሮፐርቲ ያነባል። አንዴ ብቻ። ስም ካገኘ ያንን ክላስ ያስነሳል፤ ካላገኘ ነባሩን ያስቀምጣል፣ ጄቪኤሙ እስኪዘጋም የሚነቀንቀው የለም። ስሙን አግኝቶ ክላሱን ቢያጣውስ? ስታንዳርድ ኤረር ላይ «መጫን አልቻልኩም» ብሎ ያጉረመርምና በነባሩ ይቀጥላል። ፕሮግራሙ አይወድቅም። ሎጉም ይጻፋል። በደንብ ይነበባል፣ ሲኒየር! ስልክ ቁጥሩ ከነአገር መለያው ይነበባል።

የእኛ ኮድ ፕሮፐርቲውን የሚያስገባው ሜይን ውስጥ፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው። ከዚያ የሚቀድም ያለ አይመስልም። ነገር ግን ሜይንን የያዘው ክላስ አናቱ ላይ ስታቲክ ሎገር ተቀምጧል፤ ስታቲክ ደግሞ ሜይንን ይቀድማል። የመጀመሪያው መስመር ሲደርስ ወንበሩ ተይዟል ማለት ነው። ቴስት ላይ ሲሆን ይብሳል። የሜቨን ሹርፋየር ሌላ ካልተነገረው በቀር የአንድ ሞጁል ቴስቶችን በሙሉ በአንድ ጄቪኤም ያስኬዳል፤ ቀድሞ ሎገር የጠራው ቴስት ለሌሎቹ ሁሉ ይወስንላቸዋል። ፕሮፐርቲውን በኮድ የሚያስገባ ቴስት አንዱ ላፕቶፕ ላይ አልፎ ሌላው ላይ የሚወድቀው በቅደም ተከተሉ ነው። በዚህ ሰበብ ላፕቶፕ የተቀየረለት ልጅ አውቃለሁ፤ አዲሱ ላይም ወደቀበት።

ክርክሩ ሲሰለቸኝ የሙከራው ሰርቨር ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ አሁን በሥራ ላይ ያለው ሎግ ማናጀር የክላስ ስሙን ያትም። ያተመው የጃቫውን ነው። ላም አለኝ በሰማይ። ስክሪንሾቱን ስልክላቸው ሲኒየራችን «ፕሮዳክሽን ላይ ይለያል» አሉ። ያው ኮድ፣ ያው ማስነሻ ስክሪፕት፣ ያው ስታቲክ ሎገር፤ የሚለየው ደንበኞቹ እውነተኛ መሆናቸው ነው።

«ሎግ እኮ ጽሑፍ ብቻ ነው» ለሚሉትም አንድ ነገር ላስታውስ። ሜይ 3 ቀን 2018 ትዊተር ከ330 ሚሊዮን በላይ ለሆኑ ተጠቃሚዎቹ የይለፍ ቃላችሁን ብትቀይሩ ይሻላል ያለው ሰርጎ ገብ ይዞ አልነበረም። የይለፍ ቃሉ ሃሽ ተደርጎ ሳያልቅ፣ እንዳለ ወደ ውስጥ ሎግ ይጻፍ ስለነበር ነው። ያም ሎግ ይነበብ ነበር።

የምለው ሥራ ከግማሽ ቀን አያልፍም። ፕሮፐርቲው ከሜይን ወጥቶ ጄቪኤሙ በሚነሳበት ትእዛዝ ላይ ይሰጥ፤ ሹርፋየርም በኮንፊገሬሽኑ ይነገረው። ከዚያ አንድ ቴስት አዲስ ጄቪኤም ያስነሳ፣ የፈጠራ ስልክ ቁጥር ሎግ ያድርግ፣ ይዝጋው፣ የወጣውን ፋይል ከፍቶ ቁጥሩን ይፈልግ። ካገኘው ቀይ ይብራ። ሞክ የሚባል ነገር እዚያ ቴስት አጠገብ አይድረስ። ማንበብ ከተፈለገ እዚያ ይነበብ።

ይህን ሁሉ ፑል ሪኩዌስቱ ሥር ጽፌዋለሁ። ትናንት ሳየው «ተፈቷል» ተብሎ ተዘግቷል። ሰርቨሩ ላይ ያለው ሎግ ማናጀር አሁንም የጃቫው ነው።