ነፍስ ትሞታለችን?



በዚህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት ሥርዓት ነው። በዚህ ወር ግን አንድ ተማሪዬ የጠየቀኝን ጥያቄ ይዤ ቀርቤአለሁ። ጥያቄው የሊቃውንት ጉባኤ የሚያሻው ቢመስልም የተነሣው ከአንድ ድኻ ቤት ነው፤ መልሱም የሚፈለገው ለዚያው ቤት ነበር።

በሐረር ከተማ ፈረስ መጋላ የሚባለውን አደባባይ ያየ ሰው አይረሳውም። መጋላ ማለት ገበያ ስለ ሆነ የስሙ ትርጓሜ የፈረስ ገበያ ማለት ነው። በራስ መኰንን ዘመን የተሠራው የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን በዚያ ቆሟል። ከአደባባዩ ተነሥቶ ወደ ጊድር መጋላ የሚወርደው ጠባብ መንገድ ደግሞ «መኪና ግርግር» ይባላል፤ ይህን ስም ያገኘው በግራና በቀኝ ተቀምጠው ከሚሰፉት ሰፊዎች መኪና ድምፅ ነው።

በዚህ መንገድ ላይ ብዙ ዘመን ሲሰፋ የኖረ አንድ ሰው ከጥቂት ጊዜ በፊት ዐረፈ። ሚስቱን፣ ሦስት ልጆቹንና አንድ የስፌት መኪና ትቶ ሄደ። በኵር ልጁ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዬ ነው። የዕድሩ ሰዎች ድንኳን ተከሉ፤ አፎቻ በሚሉት ማኅበራቸው ሐዘንተኛን ማጽናናት የለመዱት ሐረሪዎች ጎረቤቶቹም መጥተው ከእኛ ጋር ተቀመጡ። አርባው ቀን ሲቃረብ ግን ልጁ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ወደ እኔ ቀረበና እንዲህ አለኝ፤

«ጋሼ፣ እናቴ ለተዝካሩ ብላ የአባቴን መኪና ልትሸጠው ነው። የአባቴ ነፍስ በሕይወት ካለች የት ናት? ከሌለች ደግሞ መኪናውን የምንሸጠው ለማን ብለን ነው?»

ወዲያው መልስ አልሰጠሁትም። በዚያው ሳምንት በክፍል ስለ አንጎል ተምረው ነበርና ጥያቄው ከዚያም እንደ መጣ ዐወቅሁ። አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም ገደማ የሚመዝን አካል በውስጡ 86 ቢሊዮን የሚያህሉ የነርቭ ሕዋሳት እንዳሉት፣ እርሱ ሲጎዳ ትዝታና ንግግር፣ አንዳንድ ጊዜም ጠባይ ሳይቀር እንደሚለወጥ ተነግሮአቸዋል። ልጁ ይህን ከአባቱ ሞት ጋር አገናኘውና «አንጎል ከሞተ ምን ይቀራል?» አለ። ይህ የድፍረት ጥያቄ አይደለም፤ ቁጣም አያሻውም።

በመጀመሪያ የገዛ ቋንቋችንን ጠየቅሁት። እኛ የፀነሰችን ሴት ነፍሰ ጡር እንላለን፤ ልጅ ክፉና ደጉን ሲለይ ነፍስ ዐወቀ እንላለን፤ ንስሐችንን የሚቀበሉንን ካህን የነፍስ አባት እንላቸዋለን፤ ሰው ሲሞትም በአፋችን የሚቀድመው ቃል «ነፍስ ይማር» ነው። ከማኅፀን እስከ መቃብር ነፍስን ሳንጠራ የምናልፈው በር የለም። ሆኖም አንዳንድ ጊዜ ነፍስ ስንል መላውን ሰው ማለታችን ነው፤ በአደጋ ስንት ነፍስ ጠፋ ብለን እንጠይቃለንና። በትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 18 ኃጢአት የምትሠራ ነፍስ እንደምትሞት የተጻፈውን አንሥተው «ነፍስ ሟች ናት» የሚሉ ሰዎች ይህን ልዩነት ልብ ሊሉት ይገባል። ነቢዩ በዚያ ስፍራ የሚናገረው ልጅ በአባቱ በደል እንደማይጠየቅ ነው፤ ነፍስ ሲል በደለኛውን ሰው ራሱን ማለቱ ነው።

አባቶቻችን ነፍስን ሲያስተምሩ ልባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ይሏታል፤ ይኸውም የምታስብ፣ የምትናገር፣ በሕይወት የምትኖር ማለት ነው። የሥጋን አራት ባሕርያት፣ መሬትን፣ ውሃን፣ እሳትንና ነፋስን፣ ከእነዚህ ከሦስቱ ጋር ደምረው ሰውን ባለ ሰባት ባሕርይ ያደርጉታል። የእንስሳ ነፍስ ግን ደማዊት ናት፤ ከደሙ ጋር ትቆማለች፤ ከደሙ ጋር ትፈስሳለች። ዛሬ አንድ ሰው ሳያስብ የሠራውን ሥራ «በደመ ነፍስ ሠራው» የምንለው ከዚሁ ትምህርት የመጣ አነጋገር ነው። በሸዋም በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ነፍስ በማኅፀን ሳለች ዕውቀት አላት ወይስ የላትም የሚል ብርቱ ክርክር በሊቃውንት መካከል ተነሥቶ እስከ ንጉሡ አደባባይ ደርሶ ነበር። እነዚያ ሊቃውንት የተከራከሩት ስለ ነፍስ ዕውቀት ነው፤ ሕያውነቷን ግን ሁሉም ይዘውት ነበር።

ለልጁ በመጀመሪያ የነገርሁት ምሳሌ ከራሱ ቤት የተወሰደ ነው። «የአባትህ መኪና መርፌው ሲሰበር ስፌቱ ይቆም ነበር፤ አባትህ ግን መኪናው አልነበረም። አንጎልም የነፍስ መሣሪያ ነው፤ መሣሪያው ሲበላሽ ሥራው ይታጐላል እንጂ ሠራተኛው ጠፋ አይባልም» አልሁት። ልጁ ግን ጥቂት አሰበና «ጋሼ፣ ሰፊው እኮ ከመኪናው ውጭ ቆሞ ይታያል፤ ነፍስን ከሥጋ ውጭ ማን አያት?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ምሳሌ ነገርን ያስረዳል እንጂ ማስረጃ አይሆንም።

ነፍስን በመሣሪያ ለመያዝ የደከሙ ሰዎች አልታጡም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1907 ዓ.ም. ዱንካን ማክዱጋል የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በሞት አፋፍ ላይ የነበሩ ስድስት ሕሙማንን ከነአልጋቸው በሚዛን ላይ አድርጎ መዝኖ፣ ነፍስ ሃያ አንድ ግራም ያህል ትመዝናለች የሚል ነገር እንዲወራ ምክንያት ሆነ። ያ ቁጥር የተገኘው ግን ከአንዱ በሽተኛ ብቻ ነው፤ የሌሎቹ ልኬት አልተስማማም፤ የሳይንስ ሰዎችም አልተቀበሉትም። እኛም ልንቀበለው አይገባንም፤ የሚመዘን ነገር ሁሉ ሥጋ ነውና። በሞንትሪያል ይሠራ የነበረው ዝነኛው የአንጎል ሐኪም ዊልደር ፔንፊልድ ደግሞ ሕሙማኑ ነቅተው ሳሉ አንጎላቸውን በቀጭን የኤሌክትሪክ ኃይል ሲነካ እጃቸው ይነሣ ነበር፤ እነርሱ ግን እጃቸው የተነሣው በሐኪሙ እንጂ በገዛ ፈቃዳቸው እንዳልሆነ ይናገሩ ነበር። ፔንፊልድ ከብዙ ዘመን ምርምር በኋላ በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ ኅሊናን በአንጎል ሥራ ብቻ መተርጐም አዳጋች እንደ ሆነ ጻፈ። እውነት ለመናገር ግን ከዘመናችን የአንጎል ተመራማሪዎች የሚበዙት በዚህ አይከተሉትም። እንግዲህ ትምህርት ቤት ነፍስ መኖርዋን በሚዛን አላሳየም፤ አለመኖርዋንም በቢላዋ አላገኘም። ድንበሩን ዐውቆ እዚያ ላይ መቆም ለመምህር ነውር አይደለም።

ሌሎች ደግሞ «ሰው የማይሞተው በስሙ ነው» ይላሉ፤ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለው ተረታችንም ለዚህ ይጠቀሳል። መልካም ስም ታላቅ ሀብት መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ራስ መኰንንን እንመልከት። በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ቁልቢ ላይ ዐርፈው በሐረር ተቀበሩ፤ ስማቸውም በታሪክ ተጽፏል፤ በከተማው በፈረስ ላይ ተቀምጠው የሚታዩበት ሐውልት ቆሞላቸው ነበር። ያ ሐውልት በሰኔ 2012 ዓ.ም. ፈረሰ። ታላቁ ሰው እንኳ በድንጋይ ላይ መታመን ካልቻሉ ሐውልት የሌለው የመኪና ግርግር ሰፊ ምን ይሁን? የሰፋቸው ልብሶች ያልቃሉ፤ የሚያስታውሱት ሰዎችም በተራቸው ያልፋሉ። ሕያውነት በስም ብቻ ከሆነ የባለጠጎችና የኃያላን ርስት ሆኖ ይቀራል፤ ድኻ ግን ሁለት ጊዜ ይሞታል። አንዳንዶች የ17ኛው፣ ሌሎች የ19ኛው መቶ ዓመት ድርሰት ነው የሚሉት ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ እንኳ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነገር ያነሣል፤ በዚህ ዓለም ፍርድ ሳይፈጸም፣ ክፉውም ጠግቦ፣ ቅኑም ተርቦ ስለሚያልፍ፣ ፍርድ የሚፈጸምበት ሌላ ሕይወት መኖር አለበት ይላል።

እኛ ክርስቲያኖች ግን ተስፋችንን የመሠረትነው በፈላስፋ ክርክር ላይ አይደለም። ጌታችን ትንሣኤን ለካዱት ለሰዱቃውያን ሲመልስ፣ እግዚአብሔር የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ መባሉን አንሥቶ የሕያዋን አምላክ እንጂ የሙታን አምላክ እንዳልሆነ አስተምሯል። ሥጋን መግደል የሚችሉት ሰዎች ነፍስን መግደል እንደማይችሉም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ተናግሯል። በቀኙ ለተሰቀለው ወንበዴም ገነትን የሰጠው በዚያው ቀን ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልንጠነቀቅ ይገባናል። አንደኛው፣ ነፍስ ሕያዊት ናት ስንል እንደ እግዚአብሔር መጀመሪያ የሌላት፣ በራስዋ የምትኖር ናት ማለታችን አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ የማይሞት እርሱ ብቻ እንደ ሆነ ጽፎለታል። ነፍስ ፍጡር ናት፤ ሕያውነትዋ ከፈጣሪዋ የተቀበለችው ስጦታ ነው። ሁለተኛው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ዓመት መርዝ ጠጥቶ የሞተው የሶቅራጥስ ደቀ መዝሙር አፍላጦን ነፍስ አትሞትም ብሎ ሲያስተምር ሥጋን እንደ ወኅኒ ቤት ይቈጥረው ነበር። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ አትልም። ሥጋም የእግዚአብሔር ሥራ ነው፤ ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር የመጨረሻው የሙታን ትንሣኤ ነው፤ ጸሎተ ሃይማኖትም የሚያበቃው የሙታንን መነሣትና የሚመጣውን ሕይወት ተስፋ በማድረግ ነው። ስለዚህ ልጁን «የአባትህ ነፍስ በእግዚአብሔር እጅ ናት፤ አባትህ ግን ገና ሙሉውን ይነሣል፤ መርፌ የያዙት እጆቹም ጭምር» አልሁት። ይህን ጊዜ አለቀሰ፤ እስከዚያች ቀን ሲያለቅስ አላየሁትም ነበር።

የመኪናው ነገር ግን ገና አላለቀም ነበር። ወደ ቤታቸው ሄድሁ። እናቱ «መምህር፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ብቻ አይደለም፤ ሰስቼበት ነፍሱ ብትጨነቅስ ብዬ ነው» አለችኝ። ይህን በሰማሁ ጊዜ በእኔና በልጁ መካከል የነበረው ክርክር ለዚች ሴት የእንቅልፍና የእንጀራ ጉዳይ መሆኑ ገባኝ። የነፍስ አባታቸውን ይዤ ተመለስሁ። እኒህም ካህን እንዲህ አሏት፤ «ልጄ፣ ጸሎተ ፍትሐቱን ቤተ ክርስቲያን ታደርሳለች፤ በድግስ ልክ አይሰፈርም። በአርባው ቀን ቅዳሴው ይቀደሳል፤ አንቺም የቻልሽውን እንጀራ አምጥተሽ በደጀ ሰላሙ ላሉት ነዳያን ስጪ። ባልሽ ሞቶ ጠፍቶ ቢሆን ድግሱ ምን ይጠቅመዋል? በሕይወት ካለ ደግሞ፣ የገዛ ልጆቹ እንጀራ ተሸጦ ሰው እንዲጠግብ የሚወድ አባት ነበርን?» እርስዋም «አልነበረም፣ አባቴ» አለች። መኪናው አልተሸጠም፤ ልጁ ትምህርቱን እስኪጨርስ ድረስ ለሌላ ሰፊ በወር ኪራይ ተሰጠ። በአርባው ቀንም ቅዳሴ ተቀደሰ፤ ነዳያንም በሉ።

አንባብያን ሆይ፤ በሣልስት፣ በሰባት፣ በዐሥራ ሁለት፣ በሠላሳ፣ በአርባ፣ በሰማንያ ቀን፣ በመንፈቅና በሙት ዓመት ሙታንን ማሰብ የአባቶቻችን ሥርዓት ነው፤ ይህን ማፍረስ አልመክርም። ነገር ግን ነፍስ አትሞትም ብለን የምናምን ሰዎች ከሆንን እምነታችን በቤታችን ሊታይ ይገባል። ለዚህም ሦስት ነገር ላሳስብ። አባት ወይም እናት ሲሞት ለልጆች «ሩቅ አገር ሄዷል» እያላችሁ አትደብቁአቸው፤ እውነቱን በርኅራኄ ንገሩአቸው፤ ተስፋውንም አብራችሁ ንገሩ። ልጅ ስለ ነፍስ ሲጠይቅ አትገሥጹት፤ የማታውቁትን ወደ ካህኑ ወይም ወደ መምህሩ ይዛችሁ ሂዱ። ለተዝካር ስትሉም ዕዳ አትግቡ፤ ለሞተው መታሰቢያ የሚሆነው የድኻ መጥገብና የወላጅ አልባ ልጅ መማር ነው።

እንደ ሰማሁት ያ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ መኪና ግርግር እየሄደ በአባቱ መኪና ላይ ሙያውን ይለማመዳል። ጥያቄውንም አልተወም፤ ባለፈው ሳምንት «ነፍስ ሥጋዋን እስክታገኝ ድረስ ትናፍቃለችን?» ሲል ጠየቀኝ። ለዚህ መልስ ወደ አባቶች መሄድ ይኖርብናል፤ አብረን እንሄዳለን።

የሙታንን ነፍስ ይማርልን፤ እኛንም በሕያዋን ምድር ሥራችንን ያሳምርልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።