የምርምሩ በር ለገበሬውም ይከፈት

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እናንተ የአዳ ገበሬዎች፣ ጤፋችሁን በአህያ ጭናችሁ ወደ ቢሾፍቱ ገበያ ስትወርዱ የስንቱን ትምህርት ቤትና የምርምር ግቢ አጥር ታካችሁ እንደምታልፉ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ?

ቢሾፍቱ፣ ብዙዎቻችን ደብረ ዘይት ስንላት የኖርነው ከተማ፣ ትንሽ ናት። ከአዲስ አበባ የምትርቀው 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጉያዋ የያዘችው ግን ብዙ ነው። የጤፍ፣ የሽምብራ፣ የምስርና የማካሮኒ ስንዴ ምርምር የሚካሄድበት የግብርና ምርምር ማዕከል አላት። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1979 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ። የከብት ክትባት የሚመረትበት ተቋም ከ1964 ጀምሮ አለ። የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ጥራት የሚመረመርበት ማዕከልም እዚያው ነው።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ለኛ ምናችን ነው?» ትሉ ይሆናል። እንግዲያው ስለ ጤፍ ልንገራችሁ።

የጤፍ አበባ ደቃቅ ነው። ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ጤፍ ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ብዙ ዘመን አልፏል። በ1974 ዶክተር ታረቀ በርሄ የሚባሉ ተመራማሪ አበባው የሚከፈትበትን ሰዓት ደረሱበት። ጧት በ1 ሰዓት ገደማ ነው፤ እሱም ለአጭር ጊዜ ብቻ። እናንተ ከብቱን ከበረት በምታወጡበት ሰዓት መሆኑ ነው! ከዚያ ወዲህ የጤፍ ተመራማሪ በማለዳ ተነስቶ፣ በማጉያ መነጽር ሥር አጎንብሶ፣ አበባ ካበባ ያዳቅላል። ከአንድ አበባ የሚያገኘው አንድ ፍሬ ነው። አንድ! ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አረም ከማረም አይተናነስም።

ከዚህ ሥራ የተገኘው አንዱ ዘር በ2006 ለገበሬው የተለቀቀው ቁንጮ ነው። ንጣቱን ከማኛ፣ ምርታማነቱን ዱከም ከሚባለው ጤፍ ወሰደ። አሁን ልብ በሉ። የማኛም ሆነ የዱከም መነሻ ከገበሬ ማሳ የተሰበሰበ ዘር ነው። አያቶቻችን መርጠው፣ ለይተው፣ በጎተራ ያቆዩት ነው። ተመራማሪው አዳቀለ፤ የዘሩ ባለቤት ግን ገበሬው ነበር። ስለዚህ ወደዚያ ግቢ ስትሄዱ ለማኝ ሆናችሁ አይደለም። ያበደራችሁትን ልትጠይቁ ነው።

የከብቱም ነገር እንዲሁ ነው። ደስታ የተባለውን የከብት እልቂት ሽማግሌዎች ያወሩታል። (እንዲህ ያለ መዓት «ደስታ» መባሉ ይገርመኛል።) ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው በክፉ ቀን በሬውን ሁሉ ጨርሶ፣ አራሽ ያለ ጥማድ ቀርቶ፣ አገር በረሃብ አለቀ። ያ በሽታ በፈረንጆች 2011 ከዓለም ጠፍቷል ተብሎ ታወጀ። ያጠፋው ክትባት ነው። ዛሬም የአባ ሰንጋ፣ የአባ ጎርባና የዶሮ ፈንግል ክትባት ቢሾፍቱ ይመረታል።

ይህን ያህል ሥራ ካለ ጉድለቱ የቱ ላይ ነው? በሩ ላይ ነው እላለሁ።

አንድ ጎረቤቴ ሽምብራው በማሳው ላይ እስከ ሥሩ ደረቀበት። ሁለት ሦስት እግር ነቅሎ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በከተማዋ ወደሚገኝ አንድ ግቢ ሄደ። የየትኛው ግቢ እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። ዘበኛው «ደብዳቤ አለህ?» አለው። የለኝም አለ። «ማንን ነው የምትፈልገው?» ሲለው ስም አላወቀም። የሽምብራ በሽታ የሚያውቅ ሰው ነው የሚፈልገው እንጂ ስም ከየት ያመጣል? ተመለሰ። ሽምብራውን መንገድ ላይ ጣለው። በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ማሳ ላይ ያንኑ ዘር ዘራ፤ ያውም ደረቀ። ዘበኛው ላይ አልፈርድም፣ የታዘዘውን ነው ያደረገ። ያዘዘው ግን ማሳ ያለው ሰው ይመጣል ብሎ አላሰበም።

ሁለተኛው በር ደግሞ ቋንቋ ነው። በ1971 ዓ.ም. ክረምት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ስንቶቻችሁ፣ ወይም ስንት አባቶቻችሁና እናቶቻችሁ፣ በኩራዝ ብርሃን ፊደል ቆጠሩ! ፊደል ግን እንደ ማረሻ ነው፤ ካልሠሩበት ይዝጋል። ምን እናንብብ? የኮሌጁ መጻሕፍት በእንግሊዝኛ ናቸው። የምርምሩም ውጤት በአብዛኛው የሚታተመው በእንግሊዝኛ ነው። በእናንተው ጤፍ ላይ የተጻፈውን ባሕር ማዶ ያለ ሰው ሲያነበው፣ አጥሩ ሥር ያለው አራሽ አያነበውም። ይህ ነውር ነው። የግብርና ባለሙያው መጥቶ ይነግረናል ትሉኝ ይሆናል። መልካም፣ ይንገረን። ግን የሰሙት ነገር በዘር ወቅት ይረሳል፤ የተጻፈ ግን ከግድግዳ ላይ ይነበባል።

ስለዚህ በየገበሬ ማሠልጠኛው አንድ መደርደሪያ ይኑር። በአማርኛም በኦሮምኛም የተጻፈ አጭር ጽሑፍ፣ አንድ ሰብል በአንድ ወረቀት፣ ይቀመጥበት። የአዳ ገበሬ አብዛኛው በቤቱ የሚናገረው ኦሮምኛ ነውና አማርኛ ብቻ ቢሆን ሌላ አጥር ማጠር ይሆናል። ግቢዎቹም በሳምንት አንድ ቀን፣ በገበያ ቀን ቢሆን ይሻላል፣ የታመመ ሰብል ይዞ የመጣን ሰው ያለ ደብዳቤ ያስገቡ። የእንስሳት ሕክምና ኮሌጁን ለአብነት ውሰዱ፤ ተማሪው ሐኪም የሚሆነው በእናንተ አህያና በሬ ላይ ተምሮ ነው። እንዲህ መገናኘት ለሌላውም አያቅትም።

እናንተም ዝም ብላችሁ አትጠብቁ። አንድ አንድ እየሆናችሁ ሳይሆን አምስት ስድስት ሆናችሁ ሂዱ። ጥያቄያችሁን አስቀድማችሁ ጻፉት፤ መጻፍ ያልቻለ በልጁ ያስጽፍ። የበሽተኛውን ሰብል ከነሥሩና ከነአፈሩ ያዙ። መቼ እንደዘራችሁ፣ ምን ማዳበሪያ እንደጨመራችሁ አስታውሱ።

እኔ የምይዘውን ጥያቄ ጽፌያለሁ፤ እንዲህ ይላል፦ «ጤፌ ማዳበሪያ ባበዛሁለት ቁጥር ቁመቱ ይረዝማል፤ ፍሬ ሲይዝ ዝናብና ነፋስ ይጥለዋል። ቁመቱ አጥሮ፣ ሳይተኛ ለአጨዳ የሚደርስ ዘር አላችሁ? ካላችሁ ስንት ኪሎ ታበድሩኛላችሁ?»