ልጁ ከአምና ዘንድሮ ምን ጨመረ?

የትምህርት ዘመን ተፈጽሞ የውጤት ካርድ በሚታደልበት ጊዜ፣ በቆቦ ከተማም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት የራያ ቆላ መንደሮች፣ ልጅ ካርዱን ይዞ ወደ ቤቱ ሲገባ አስቀድሞ የሚቀርብለት ጥያቄ «ስንተኛ ወጣህ?» የሚል ነው። ሦስተኛ ወጣሁ ያለው ይመረቃል፤ ሠላሳኛ የወጣው አንገቱን ደፍቶ ይቆማል። ጥያቄው የቈየ ልማድ ነው፤ ክፋትም የለበትም። ነገር ግን ደረጃ የሚነግረን ልጁ በጓደኞቹ መካከል የት ላይ እንደ ቆመ ነው እንጂ፣ ካለፈው ዓመት ወዲህ ምን ያህል መንገድ እንደ ተጓዘ አይደለም።

ውድ አንባብያን፣ ነገሩን ቀረብ ብለን እንመልከተው። አንድ ክፍል በሙሉ ወደ ኋላ ቢቀር እንኳ ከመካከሉ አንዱ አንደኛ መውጣቱ አይቀርም። እንዲሁም ልጁ ብዙ ዕውቀት ጨምሮ ሳለ፣ ጓደኞቹ ከእርሱ ይልቅ ቢበረቱ ደረጃው ዝቅ ይላል። ነጥቡም ቢሆን ብቻውን አያስተማምንም። አምና ከመቶ 60 ያገኘ ልጅ ዘንድሮም 60 ቢያገኝ «ባለበት ቆመ» ማለት አይቻልም፤ የዘንድሮው ትምህርት ከአምናው የከበደ ነውና፤ ፈተናውንም ያወጣው ምናልባት ሌላ መምህር ነው። ለምሳሌ ያህል፣ በመስከረም ከአንድ ገጽ 10 ቃላት ብቻ አንብቦ በሰኔ 40 ያነበበ ልጅና፣ በመስከረም 70 አንብቦ በሰኔም 72 ያነበበ ልጅ ቢኖሩ፣ በካርዱ ላይ የሚበልጠው ሁለተኛው ነው፤ በዓመቱ ውስጥ ብዙ የተማረው ግን የመጀመሪያው ነው።

ይህን መለየት ለቆቦ አካባቢ ቤተ ሰብ ከምን ጊዜውም ይልቅ ዛሬ ያስፈልጋል። በ2012 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል የገባውን ልጅ እናስብ። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተዘጉ። ሁለተኛ ክፍልን በጨረሰበት በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ቆቦ በጦርነቱ ምክንያት በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም.ም በዚያው ቈየች። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ዳግመኛ ደረሰባት። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በዐማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች በራቸው ተዘግቶ ቈይቷል። ይህ ልጅ አንድም ክፍል ሳይደግም ቢያልፍ በ2018 ዓ.ም. ሰባተኛ ክፍል ይደርሳል። «ሰባተኛ» የሚለው ቍጥር ግን ከተቋረጡት ወራት ውስጥ የትኛው ትምህርት እንደ ተካካሰና የትኛው እንደ ጐደለ አይገልጽም። ያ የጐደለው ካልታወቀ ደግሞ የሚሞላው አይገኝም።

ብሔራዊ ፈተና አለ አይደለምን? የሚል አንባቢ ይኖራል። በእርግጥ አለ፤ የሚመልሰው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ነበሩ። ቍጥሩ መሻሻሉ ደስ ያሰኛል። ሆኖም በየዓመቱ የተፈተኑት ልጆች ልዩ ልዩ ናቸው፤ የተፈታኞቹም ብዛት ወደ 900 ሺሕ ከሚጠጋው ወደ 600 ሺሕ ወደሚጠጋው ዝቅ ብሏል። ስለዚህ ከዚህ ቍጥር አንድ ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ ምን እንደ ጨመረ ለማወቅ አይቻልም። አንድም ተማሪ ያላሳለፈ ትምህርት ቤትም ቢሆን፣ በጣም ደክመው የመጡ ልጆችን ብዙ ርቀት ያራመደ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ምንም ያላራመደ ሊሆን ይችላል። የማለፊያው ቍጥር ሁለቱን አንድ አድርጎ ይቈጥራቸዋል።

ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ በየጥቂት ዓመቱ የሚደረገው ብሔራዊ የትምህርት ምዘናም በአራተኛና በስምንተኛ ክፍል ያሉትን ልጆች በናሙና ይመዝናል። የአገሩን ሁኔታ ያሳያል፤ በየጊዜው የሚመዘኑት ግን ሌሎች ልጆች ስለ ሆኑ የአንዱን ልጅ እድገት አይከተልም። ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት በ2005 ዓ.ም. ከዚህ የተለየ መንገድ ያዘ፤ የአራተኛና የአምስተኛ ክፍል ልጆችን በትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ ፈትኖ፣ እነዚያኑ ልጆች በዘመኑ መጨረሻ ዳግመኛ ፈተነ። የእድገት መለኪያ ማለት ይህ ነው፦ ያው ልጅ፣ ሁለት ጊዜ፣ በተመጣጠነ ፈተና።

በአሜሪካ የቴኔሲ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ሕግ ዊልያም ሳንደርስ የተባለው የስታቲስቲክስ ሊቅ የደረሰበትን የእድገት አለካክ ለትምህርት ቤቶችና ለመምህራን መመዘኛ እንዲሆን አደረገ። ነገር ግን የአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መግለጫ፣ በተማሪዎች ነጥብ መካከል ካለው ልዩነት ከመምህሩ የሚመጣው ከ1 እስከ 14 ከመቶ ያህሉ ብቻ መሆኑን ብዙዎቹ ጥናቶች እንደሚያሳዩ አስታውሷል። ስለ ሆነም መለኪያው የልጁን ጕድለት ለማግኘት ይረዳ እንጂ መምህርን ለመክሰስ ዱላ አይሁን።

የዚህ አሳብ ሥር በአገራችንም እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ልጅ ከፊደል ወደ ቍጥር ንባብ፣ ከዚያም ወደ ግእዝ፣ ወደ ውርድና ወደ ቁም ንባብ፣ ኋላም ወደ ዳዊት የሚሻገረው ዓመት ስለ ዞረ ሳይሆን የያዘውን ስለ ለየ ነው። የኔታ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው አስቀርበው ያስነብቡታል፤ ትናንት የተሰናከለበትን ስፍራ ያውቃሉና ዛሬ ከዚያው ያስጀምሩታል። የዘመኑ መምህር ብዙ ልጆችን በአንድ ክፍል ይዞ ይህን ሁሉ ለብቻው ሊያደርግ አይቻለውም። ቤተ ሰብ ግን ሊያግዘው ይችላል።

ለዚህም አንድ ደብተር ይበቃል። በመስከረም፣ በጥርና በሰኔ ሦስት ነገሮች ይመዝገቡበት። መጀመሪያ ንባብ ነው፤ ልጁ አስቀድሞ ካላየው ገጽ ለአንድ ደቂቃ ጮኾ ያንብብና በትክክል ያነበባቸው ቃላት ይቈጠሩ። ገጹ በየጊዜው ይለወጥ፤ ክብደቱ ግን ይመሳሰል። ወላጅ ማንበብ ባይችል ታላቅ ወንድም ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ይቍጠርለት። ንባቡ ሲፈጸም ልጁ ያነበበውን በቃሉ ይተርክ፤ የገባውና ያልገባው በዚህ ይታወቃልና ፊደል ያልቈጠረች እናት እንኳ ይህን ለመዳኘት ትችላለች። ሁለተኛው ሒሳብ ነው፤ «ከሦስት ኩንታል ማሽላ 85 ኪሎ ብንሸጥ ስንት ይቀረናል?» ተብሎ ይጠየቅ። ሦስተኛው ጽሕፈት ነው፤ ለዘመድ የሚላክ አጭር ደብዳቤ ይጻፍና ግልባጩ ይቀመጥ። ሦስቱ ደብዳቤዎች ጐን ለጐን ሲታዩ ከካርዱ የበለጠ ይናገራሉ።

በዚያው ደብተር ልጁ ከትምህርት የቀረባቸው ቀኖችም ይጻፉ። በቆላው ማሽላ ሲያፈራ ልጅ ወፍ ሊጠብቅ ማማ ላይ ይወጣል፤ አጨዳ ሲደርስም እርሻ ይውላል። ሥራው ለቤቱ አስፈላጊ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን በጥር ወር ንባቡ ባለበት ቆሞ ቢገኝና የቀረባቸው ቀኖች 25 ሆነው ቢቈጠሩ፣ ምክንያቱን ከልጁ ስንፍና መፈለግ አይገባም። የሚመጣውን ዓመት ጥበቃ በተራ ማድረግ ወይም ለትምህርት ሰዓት ሌላ ሰው ማቆም የቤቱ ፈንታ ነው።

ደብተሩ ከተያዘ በኋላ ለመምህሩ ይታይ። «ልጄ ለምን ዐሥረኛ ወጣ?» ከማለት ይልቅ «በመስከረም ይህን ያነብ ነበር፤ አሁን ይህን ያነባል፤ የቀረው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ለመምህሩም ሥራውን ያቀልለታል። ልጁም ከጎረቤት ልጅ ጋራ ሳይሆን ከአምናው ራሱ ጋራ እየተመዘነ ያድጋል። ደካማ የተባለው ልጅ ከ10 ቃላት ወደ 40 መድረሱን በዐይኑ ሲያይ መማር እንደሚችል ያምናል፤ ብርቱ የተባለውም ከ70 ወደ 72 ብቻ መጨመሩን ሲያይ በደረጃው መኵራራቱን ትቶ ይተጋል። ስለዚህ አባቶችና እናቶች ሆይ፣ በመጪው ሰኔ ካርዱ ወደ ቤት ሲገባ «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለት አስቀድማችሁ «ከአምና ዘንድሮ ምን ጨመርህ?» ብላችሁ ጠይቁ።