ብላሿ ብላሽ አይደለችም

«ብላሽ» የሚለው ቃል በአማርኛችን መጥፎ ስም አለው። የተበላሸ፣ የማይረባ፣ ፋይዳ ቢስ ማለት ነው፤ «በብላሽ» ሲሆን ደግሞ ያለ ዋጋ፣ በነፃ ይሆናል። እንግሊዝኛው ለጉንጭ ቀለም ያወጣው ስም ከዚህ ቃል ጋር በድምፅ መግጠሙ እንዲሁ አጋጣሚ ነው። በከተማችን ያሉ አዋቂ ነን ባዮች ግን አጋጣሚውን ፍርድ አድርገውታል። ርካሽ ብላሽ የምትገዛ ሴት ገንዘቧን በከንቱ የምትበትን ናት፤ በየወሩ እየከፈለ በስክሪን ላይ መጽሐፍ የሚከራይ ሰው ግን አንባቢ፣ ዘመናዊ፣ አስተዋይ ይባላል። ይህ ፍርድ ተገላብጧል ባይ ነኝ። ርካሿ ብላሽ ሐቀኛ ሸቀጥ ናት። በሐቀኝነቱ ሊጠየቅ የሚገባው በርካሽ የሚቀርበው የወር ንባብ ነው።

ነገሩን ያነሣሣው ከአሜሪካ የመጣ ሻንጣ ነው። ዘመድ ልትጠይቅ የመጣች የእኅቴ ልጅ ለቤቱ ሴቶች ሦስት ርካሽ ብላሾች፣ ለእኔ ደግሞ የአንድ ወር ክፍያ የተፈጸመበት የንባብ ታብሌት ይዛ ነበር። «ጋሼ፣ ስፍር ቁጥር የሌለው መጽሐፍ አለበት፤ እንደፈለጉ ያንብቡ» አለችኝ። ቤተ ዘመዱ ብላሾቹን አይቶ «ይኼ ደግሞ ምን ይሠራል?» አለ፤ ታብሌቱን ግን እያገላበጠ አደነቀ። እኛም ሁለቱንም ሞከርናቸው።

ብላሾቹ በቀን ብርሃን በእጅ ጀርባ ላይ ተፈተኑ። ፈዛዛ ሮዟ አመድ መሰለች። ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። የርካሽ ዱቄት ቀለም አብዛኛው መሙያ ታልክ ነው፤ ቀለሙን ለማፍዘዝም ነጭ ይጨመርበታል፤ ያ ነጭ በጠይም ቆዳ ላይ ሲያርፍ አመድ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛዋ የሸክላ ቀለም ያላት ነበረች፤ በዕቃዋ ውስጥ ሲያዩዋት ታስፈራለች፤ ጉንጭ ላይ በስሱ ስትደረግ ግን ከፊት ጋር ተዋሐደች። ሦስተኛዋ ወይን ጠጅ ነበረች፤ ጠዋት ተቀብታ እስከ ማታ ቆየች። ከሦስት ሁለት አለፉ። ለርካሽ ዕቃ መጥፎ ውጤት አይደለም።

ከውጤቱ ይልቅ እኔን የገረመኝ የፈተናው ቅለት ነው። ፍርዱ በአምስት ደቂቃ ተሰጠ። በብላሿ ጀርባ ላይ ምን ምን እንደገባባት ተጽፏል። ክዳኑ የተከፈተ ጣሳ የሚመስል ትንሽ ሥዕል አለ፤ በውስጡ ያለው ቁጥር ከተከፈተች በኋላ ስንት ወር እንደምታገለግል ይናገራል። ዋጋዋ አንድ ጊዜ ተከፍሎ አልቋል። ባለቤቷ ለእኅቷ ብታውሳት፣ ለጎረቤት ብትሰጣት፣ በመሳቢያ ብትረሳት የሚጠይቃት የለም። አምራቹ ፋብሪካ ቢዘጋ እንኳ ብላሿ ከጉንጯ ላይ አትጠፋም።

ይህ ርካሽነት ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ በገዢዎች ግፊት የመጣ ነው። ቡርዧ የተባለው የፈረንሳይ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1863 ፓሪስ ውስጥ ሥራ ሲጀምር ደንበኞቹ የቴአትር ሰዎች ነበሩ፤ የመድረኩ ቀለም ወደ ተራዋ ሴት ቦርሳ የገባው ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካ ውስጥ «ፋሽን ፌር» የተቋቋመው ነባሮቹ አምራቾች ለጥቁር ሴቶች ፊት የሚሆን ቀለም ስላልነበራቸው ነው፤ የፋሽን ትርኢቱ ሞዴሎች ቀለም ከቀለም እየደባለቁ ለራሳቸው ሲያዘጋጁ ታይቶ ገበያው እንዳለ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ኤልፍ የተባለው ድርጅት የመዋቢያ ዕቃዎችን በአንድ ዶላር መሸጥ ጀመረ። ገዢዋ «አመድ አልገዛም» ስትል ነጋዴው ሰማት። መስማት ግዴታው ነበር፤ ዕቃው በእጇ ገብቶ፣ በፊቷ ላይ ታይቶ፣ በመስተዋት ይፈረድበታልና።

አሁን ወደ ታብሌቱ እንምጣ። በአንድ ወር ውስጥ አሥራ አንድ መጽሐፍ ከፍቼ ሁለት ጨረስኩ። ስንፍና ነው የሚለኝ ይኖራል። ነገር ግን አገልግሎቱ የተሠራው ለመክፈት እንጂ ለመጨረስ አይደለም፤ አንዱን ገጽ ሳታጋምስ ሌላ ሽፋን ይቀርብልሃል። የበዓሉ ግርማን ፈለግሁ፣ አጣሁ። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን ፈለግሁ፣ አጣሁ። የአዳም ረታን ፈለግሁ፣ እሱንም አጣሁ። ስፍር ቁጥር በሌለው መጽሐፍ መካከል ቋንቋዬ አልነበረም። ፈዛዛዋ ሮዝ በጠይም እጅ ላይ አመድ የሆነችውን ያህል፣ ያ ሁሉ መጽሐፍ በአማርኛ አንባቢ ፊት አመድ ሆነ። ወሩ አለቀ፤ የጀመርኳቸውም ያልጀመርኳቸውም መጻሕፍት አብረው ተዘጉ። ከብላሾቹ ሁለቱ ግን አሁንም በሥራ ላይ ናቸው።

ጉዳዩ የእኔ ወር ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተጻፈ ነበር። ሰፋ አድርገን እንየው።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2009 አማዞን የተባለው ታላቅ ነጋዴ የጆርጅ ኦርዌልን «1984» እና «የእንስሳት እድር» ከአንባቢዎች ኪንድል ላይ በርቀት ሰረዘ። ሻጩ የማሳተም መብት ያልነበረው ሆኖ ስለተገኘ ነው ተባለ፤ ገንዘቡም ተመለሰ። ልብ በሉ፤ እነዚያ አንባቢዎች መጽሐፉን የገዙ እንጂ የተከራዩ አልነበሩም። አንድ ተማሪ ለትምህርት ቤት ሥራው የያዘው ማስታወሻ የሚያመለክተው ገጽ ከሥሩ ጠፍቶበት ክስ መሠረተ። የድርጅቱ አለቃ ጄፍ ቤዞስ ይቅርታ ጠየቀ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ድርጊቱ የሚቻል መሆኑ ነው። ጸጸት ቁልፉን ከእጅ አያስጥልም። ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. በ2019 የመጻሕፍት መደብሩን ሲዘጋ ሰዎች ከፍለው የያዟቸውን መጻሕፍት ሁሉ ገንዘባቸውን መልሶ አጠፋቸው። የተገዛው እንዲህ ከሆነ የተከራየውማ እንዴት ሊሆን ነው?

ይህን ነገር ከእኛ ታሪክ ጋር እናስተያየው። በ1975 ዓ.ም. የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በ1976 ዓ.ም. ደግሞ የደረሰበት ጠፋ። ያ መንግሥት ጦር ነበረው፣ ካድሬ ነበረው፣ ቀበሌ ነበረው። ሆኖም መጽሐፉን ማጥፋት አልቻለም። በሰው ቤት የገባው ቅጂ በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ተነበበ፤ ዘመን ሲለወጥም በአደባባይ እንደገና ታተመ። ያተረፈው ምንድን ነው? ወረቀት መሆኑ ነው፤ በሺህ ሣጥን፣ በሺህ ትራስ ሥር መበተኑ ነው። «ኦሮማይ» ያን ጊዜ በወር ኪራይ በአንድ ድርጅት ማሽን ውስጥ ብቻ ኖሮ ቢሆን፣ ደርግ ቤት ለቤት መፈተሽ ባላስፈለገው ነበር። አንድ ስልክ ይበቃው ነበር።

ኪራዩ የአንባቢውን ባለቤትነት ብቻ ሳይሆን የደራሲውንም ብዕር ይነካል። ይህም አዲስ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው ቻርልስ ኤድዋርድ ሙዲ እ.ኤ.አ. በ1842 የጀመረው አከራይ ቤተ መጻሕፍት ደንበኛውን በዓመት አንድ ጊኒ፣ ማለት 21 ሽልንግ፣ እያስከፈለ በአንድ ጊዜ አንድ ቅጽ ያበድር ነበር። በዚያ ዘመን ባለ ሦስት ቅጽ ልብ ወለድ በሱቅ ሲሸጥ ዋጋው 31 ሽልንግ ተኩል ነበር። ስለዚህ የዓመት ኪራዩ ከአንድ ልብ ወለድ ዋጋ ያንስ ነበር፤ ሰውም ጎረፈ። አንዱ ልብ ወለድ በሦስት ቅጽ ሲከፈል ሦስት ተበዳሪ በአንድ ጊዜ ያስተናግዳልና ለሙዲ ሦስት ቅጽ ይመቸው ነበር። ደራሲዎችም የሁለት መቶ ገጽ ታሪካቸውን እየጎተቱ ሦስት ቅጽ አደረሱት። ሙዲ «ለቤተሰብ አይሆንም» ያለው መጽሐፍ ደግሞ ገበያ አጣ። ደራሲው ጆርጅ ሙር በዚህ ተቆጥቶ እ.ኤ.አ. በ1885 በሙዲ ላይ በራሪ ጽሑፍ አወጣበት። ባለ ሦስት ቅጹ ልብ ወለድ የሞተው እ.ኤ.አ. ከ1894 በኋላ፣ አከራዮቹ ራሳቸው አልተመቸንም ሲሉ ነው። ያኖረው የእነሱ ጥቅም ነበር፤ የገደለውም የእነሱ ጥቅም ሆነ።

የዛሬዎቹም ከዚህ አይለዩም። የአማዞን «ኪንድል አንሊሚትድ» እ.ኤ.አ. በ2014 በወር 10 ዶላር ገደማ ሲጀምር ለደራሲው የሚከፈለው አንባቢው ከመጽሐፉ 10 በመቶ ሲያልፍ ነበር፤ ስለዚህ አጫጭር መጻሕፍት እንደ አሸን ፈሉ። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2015 ጀምሮ ክፍያው በተነበበ ገጽ ሆነ፤ ይኼኔ ደግሞ ገጽ የሚያበዙ በረከቱ። የአንዱ ገጽ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ የአሜሪካ ሳንቲም በታች ነው። ሦስት መቶ ገጽ እስከ መጨረሻው ቢነበብ ደራሲው አንድ ዶላር ተኩል አይሞላለትም። ክፍያው በገጽ ስለሆነም አከራዩ የት ገጽ ላይ እንዳቆምክ ማወቅ ግድ ይለዋል። አንተ መጽሐፉን ስታነብ እሱ አንተን ያነባል።

«ያለ ገደብ ያንብቡ» የሚለውም ቃል ቢሆን እስከሚያዋጣ ድረስ ነው። ስክሪብድ የተባለው አከራይ እ.ኤ.አ. በ2015 የፍቅር ልብ ወለዶችን በብዛት ከመደርደሪያው አወረደ። ለምን? አንባቢዎቻቸው በጣም ስላነበቡ! በተነበበ ቁጥር ለአሳታሚ ስለሚከፍል፣ ብዙ የሚያነብ ደንበኛ ኪሳራ ሆነበት። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ንባቡን በወር ሦስት መጽሐፍ ወሰነው፤ ያለ ገደብ ወደሚለው የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ኦይስተር የሚባለው ተወዳዳሪው እ.ኤ.አ. በ2013 ተከፍቶ በ2016 መጀመሪያ ተዘጋ። እንግዲህ አትራፊው ደንበኛ ማነው? የሚከፍልና የማያነብ ነው። አንባቢ ለመምሰል የሚከፈል ገንዘብ ካለ፣ እሱ ነው በእውነት መዋቢያ፤ ያውም መስተዋት የማይፈርድበት መዋቢያ።

ተቃዋሚዬ ዝም እንደማይል አውቃለሁ። «እኛስ በኪራይ አይደለም እንዴ ያነበብነው?» ይላል። እውነቱን ነው። የአዲስ አበባ ትውልድ በየመንገዱ ዳር መያዣ እያስያዘ፣ በሳንቲም እየተከራየ አንብቧል፤ ለእነዚያ አከራዮች ባለውለታ ነን። ነገር ግን መንገድ ዳር ያለው አከራይ የሚያከራየው ገዝቶ የራሱ ያደረገውን ቅጂ ነው። ሌሊት መጥቶ ከትራስህ ሥር አይወስድብህም። የት ገጽ ላይ እንዳለቀስክ አይመዘግብም። ወደኸው «ሽጥልኝ» ብትለው ዋጋ ይጠራልሃል። የታብሌቱ አከራይ የሚጠራልህ የሚቀጥለውን ወር ብቻ ነው።

«መጽሐፍ ተወዷል» የሚለው ሁለተኛው ክርክር የሚናቅ አይደለም። የወረቀት ዋጋ አንባቢውንም አሳታሚውንም አጎብጧል። ግን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በዶላር የሚከፈል የወር ኪራይ ርካሽ ነው የሚለን፣ ሒሳቡን በአሜሪካ ዘመዱ ኪስ የሚሠራ ብቻ ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ ያለ ደራሲው ፈቃድ በቴሌግራም የሚበተነው የአማርኛ መጽሐፍ ነው። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይህን ይከለክላል፤ ሰው ግን በብላሽ የተገኘ ነው ብሎ ያወርዳል። ደራሲውን በብላሽ አሠርቶ ሲያበቃ «ጥሩ መጽሐፍ ጠፋ» ብሎ ያማርራል።

የወር ንባብ ጨርሶ ይቅር አልልም። በእጅ ጀርባ ላይ ቀብቶ እንደ መሞከር ነው፤ ለዚያ ይሁን። ውጭ አገር የሚኖር ወገን በእንግሊዝኛ የወጣውን ሁሉ ቀምሶ ለመተው ይጠቅመዋል። የቀመሱትንና የወደዱትን ግን መግዛት ነው። አማርኛ መጻሕፍትን በስልክ ለማቅረብ ብቅ ብቅ ላሉት የአገራችን ድርጅቶችም ጥያቄው ከወዲሁ ይቅረብላቸው። የገዛነው መጽሐፍ እናንተ ብትዘጉ ከእኛ ጋር ይቀራል? ለልጃችን ማውረስ እንችላለን? ለደራሲው ስንት ይደርሰዋል? ርካሿ ብላሽ ምን እንደገባባትና እስከ መቼ እንደምታገለግል በጀርባዋ ላይ ጽፋ ትሸጣለች። መጽሐፍ እናቀርባለን የሚሉ ሰዎች ያን ያህል እንኳ ለመጻፍ ካፈሩ፣ ብላሽ የሚለው ስም ለማን እንደሚገባ አንባቢ ራሱ ይፍረድ።