የጎደለውን ብቻ ስለሚቈጥር ዓይን

ሐኪም በሽታን፥ መምህርም ስሕተትን መፈለግ ይማራል። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት አድጌ፥ ኋላም መምህር ሆኜ፥ ዕድሜዬን በቀይ ቀለም ስሕተት ስቈጥር ስለ ኖርሁ፥ ዛሬ የምነቅፈውን ዓይን አውቀዋለሁ፤ የራሴ ዓይን ነበረ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንዲት ጎረቤቴ ማመልከቻ እንድጽፍላቸው ለመኑኝ። እናቱ የሞተችበት የልጅ ልጃቸው ወደ ማሳደጊያ ይግባ ተብሎ ተወስኖ ነበር። ወረቀቱን አነበብሁት፤ ቤቱ አንድ ክፍል መሆኑን፥ ቋሚ ገቢ አለመኖሩን፥ አያቱ ማንበብ አለመቻላቸውን ይዘረዝራል። ልጁ ከትምህርት ቤት አንድ ቀን እንኳ አለመቅረቱን፥ አጎቱ ደብተር መግዛቱን፥ የዕድር ሴቶች በየተራ እህል መስፈራቸውን ግን የጠየቀ አልነበረም፤ በቅጹም ላይ ለዚህ የተተወ መሥመር የለም።

ያንን ወጣት ሠራተኛ በክፋት አልከስሰውም፤ የምከስሰው ጕድለት መቍጠርን ዕውቀት የሚያስመስለውን ልማድ ነው። በአዲስ አበባ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1959 ተከፍቶ፥ በደርግ ዘመን ተዘግቶ፥ በ2004 እንደ ገና መከፈቱ የሚያስመሰግን ነው። በአሜሪካም የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ መምህራን፥ ከእነርሱም ዴኒስ ሳሊቢ በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ሥራው ከሰው ብርታት ይጀምር ብለው አስተማሩ። ዕድርና ጉዲፈቻ ላለን ሕዝብ ይህ እንግዳ ነገር ነውን? የውጭ ጉዲፈቻ በ2018 በሕግ ከተከለከለ ወዲህስ ለልጆቻችን ከወገን በቀር ማን አላቸው?

«ይህ በደልን መሸፈን ነው» የሚል ይኖራል። አይደለም፤ የሚደበደብ ልጅ ዛሬውኑ ይወሰድ። ድኽነት ግን በደል አይደለም። ደግሞም «ብርቱ ነዎት» ብሎ አያትን በባዶ እጅ የሚያሰናብት ከቈጣሪው ይብሳል፤ ብርታት የርዳታ መሠረት እንጂ የርዳታ ምትክ አይደለምና። ለማሳደጊያው የሚወጣው ገንዘብ ከፊሉ ለዚያች አንድ ክፍል ቤት ቢሰጥ ምን ይጎዳ ነበር?

እናንተ የሙያው መምህራን ሆይ፥ ተማሪውን በመጀመሪያ ያለ ቅጽ ወደ ሰው ቤት ላኩት፤ ምን እንዳላቸው ጠይቆ ይመለስ።

ማመልከቻው ሰምሮ ልጁ ከስምንት ወር በኋላ ተመለሰ። አያቱን ግን «አንቺ» ማለት ትቶ «እርስዎ» ይላቸው ጀመር። ይህን ጕድለት የሚመዘግብ ቅጽ እስከ ዛሬ አላየሁም።